የበሩ ቀለም ሳይሆን የውኃው መውረጃ ይጠየቅ

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በደብረ ብርሃን ከተማ በቤት ሥራ ኅብረት ሥራ ማኅበራት አማካይነት ተገንብተው ነዋሪ የገባባቸው መንደሮች እየበዙ መጥተዋል። ግንባታው ካለቀ በኋላ በአባላትና በማኅበራቱ የሥራ አመራር ኮሚቴዎች መካከል የሚነሣው ጭቅጭቅ ግን አብዛኛውን ጊዜ ስለ ቤቱ ሳይሆን ስለ ግቢው ነው። አጥሬን ከፍ ላድርግ፣ በር ልቀይር፣ ግቢዬን ሲሚንቶ ላስነጥፍ፣ ዛፍ ልትከል፣ የውኃ ሮቶ ማስቀመጫ ላሠራ የሚል ሁሉ ለኮሚቴው ማመልከቻ እንዲያስገባ ይጠበቅበታል። እኔ ፈቃድ መጠየቁን አልቃወምም። ጡረታ እስክወጣ ድረስ በመንገድ ሥራ ፎርማንነት የኖርሁ ሰው እንደመሆኔ፣ አንድ ሰው በገዛ ግቢው የሚሠራው ሥራ በጎረቤቱ ግድግዳ ላይ ምን ሊያደርስ እንደሚችል አሳምሬ አውቃለሁ። የምቃወመው ፈቃዱ የሚሰጥበትንና የሚከለከልበትን አኳኋን ነው፤ ኮሚቴዎቻችን ሊጠይቁት የሚገባውን ትተው እምብዛም የማይመለከታቸውን ይጠይቃሉ፣ ለሚጠይቁትም ነገር መልስ የሚሰጡበት ቀን የላቸውም።

የእኛ ማኅበር መተዳደሪያ ደንብ በዚህ ጉዳይ ላይ ያለው አንዲት ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው። የመንደሩን ገጽታ የሚለውጥ ሥራ ያለ ኮሚቴው ፈቃድ እንደማይሠራ ይደነግግና በዚያው ያቆማል፤ ገጽታ የተባለው ምንን እንደሚያጠቃልል፣ ከማመልከቻው ጋር ምን መያያዝ እንዳለበት፣ መልሱ በምን ያህል ጊዜ እንደሚሰጥ፣ የተከለከለ አባልም ለማን አቤት እንደሚል አንድም የሚለው የለም። ከዚህም የተነሣ ኮሚቴ በተቀየረ ቁጥር የደንቡ ትርጉም አብሮ ይቀየራል። ያለፈው ኮሚቴ የድንጋይ አጥር ለመንደሩ ግርማ ይሰጣል እያለ ሲያበረታታ ከርሞ፣ የአሁኑ ደግሞ አጥር ሁሉ በብሎኬት ተሠርቶና ተለስኖ አንድ ዓይነት ቀለም ይቀባ በማለት ቀደም ብለው በድንጋይ ያጠሩትን ሳይቀር መጎነታተል ጀምሯል። በርም ቢሆን ከጥቁርና ከቡናማ ውጭ ሌላ ቀለም የሚቀባ ሰው ማስፈቀድ አለበት። አረንጓዴ በር የማንን ግድግዳ እንደሚሰነጥቅ እስካሁን የነገረን የለም።

እኔ ያስገባሁት ማመልከቻ ከጣሪያዬ አሸንዳ የሚወርደውን የዝናብ ውኃ በሮቶ ይዤ፣ ከዚያ የሚተርፈውን በድንጋይ በተገነባች ጠባብ ቦይ ወደ መንገዱ ተፋሰስ እንዳወጣ እንዲፈቀድልኝ የሚጠይቅ ነበር። ቦይዋ ከአጥሬ ውጭ ያለውን የጋራ መተላለፊያ ስለምታቋርጥ ማስፈቀዱ ተገቢ ነው ብዬ ንድፏን በእጄ ሥዬ፣ ወርዷንና ጥልቀቷን ጽፌ፣ ቁልቁለቷንም በቀስት አመልክቼ አያይዤ ነበር። ወረቀቱ የተመለሰልኝ በኅዳጉ ላይ በሰማያዊ ቀለም «ይታይ» ተብሎ ከሥሩ ተፈርሞበት ነው። ቀን የለውም፤ ማን እንደሚያየውም አልተጻፈም። በእድር ስብሰባ ላይ ሊቀ መንበሩን አግኝቼ ብጠይቃቸው «ጋሼ፣ እርስዎም እኮ ይቸኩላሉ፤ ጉዳዩ ገና ለኮሚቴው አልቀረበም» አሉኝ። በዚያው ሰሞን ከእኔ በላይ በኩል ያለ አንድ አባል ግቢውን ከበሩ እስከ ጓሮው ድረስ ሲሚንቶ አስነጠፈ፤ ማንንም አላስፈቀደም፣ ማንም ለምን አላለውም። ሥራው በአጥር ውስጥ ስለሆነና ከመንገድ ስለማይታይ ገጽታ አይለውጥም ተባለ። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝም ይኸው ነው።

በግቢ ሥራ ጎረቤትን የሚጎዳው ከመንገድ የሚታየው ሳይሆን ከመሬት ጋር የተያያዘው ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲያርፍ አንድ ሊትር ውኃ ይሆናል። 150 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው ይዞታ ከጣሪያው እስከ አጥሩ ጥግ በቆርቆሮና በሲሚንቶ ተሸፍኖ፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል 4,500 ሊትር ውኃ መሄጃ ይፈልጋል ማለት ነው፤ ይህም ብዙዎቻችን በግቢያችን ካቆምነው ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ አራቱን ሞልቶ አምስተኛውን ያጋምሳል። መሬቱ ሣርና ዕፅዋት ቢኖረው ከዚህ ከፊሉ ይሰርግ ነበር፣ የቀረውም እየተገታ ቀስ ብሎ ይወርድ ነበር። ልስን ሲሚንቶ ግን ያለውን ሁሉ በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ዝቅተኛው ጥግ ያደርሰዋል። ከዝቅተኛው ጥግ ማዶ ያለው ደግሞ የጎረቤት ግቢ ነው።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ፣ አብዛኛው ዝናቧ በሐምሌና በነሐሴ ተጠራቅሞ የሚወርድባት ከተማ ናት። በከተማዋና በዙሪያዋ ብዙ ቦታ ላይ የሚገኘው ጥቁር ዋልካ አፈር ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ በበጋ ስንጥቁ እጅ የሚያስገባ ሲሆን፣ በክረምት ሲሞላና ሲነፋ ከላዩ ያረፈውን ነገር ያነሣዋል። እብጠቱ በሁሉም በኩል እኩል ቢሆን ጉዳቱ ቀላል በሆነ ነበር። ነገር ግን የአጥሩ አንድ ጎን ከጎረቤት በሚወርድ ውኃ ርሶ ሌላው ጎን ደረቅ ሲሆን፣ ግንቡ በአንድ በኩል ይነሣና ይጣመማል፣ ቀጥሎም ይሰነጠቃል። በመንገድ ሥራ ጥቁር አፈር ሲያጋጥመን ቆርጠን አውጥተን በገረጋንቲ እንተካው ነበር፤ ያን ባናደርግና ውኃውን በጎንና ጎን ቦይ ካላስወገድን ጥርጊያው ክረምቱን እንደማይሻገር የቀን ሠራተኛው ሁሉ ያውቀው ነበር። ለአጥር ግንብ ግን መሠረቱ ጥቂት ተቆፍሮ ድንጋይ ይደረደርበታል፣ ከዚያ ብሎኬቱ ይነሣል። እንዲህ ያለ ግንብ የጎረቤቱን ውኃ የሚችልበት ምንም አቅም የለውም።

ይህን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። በዞናችን በሞረትና ጅሩ፣ በእነዋሪ አካባቢ ያለው ገበሬ በዚሁ ጥቁር መሬት ላይ መደብ እያወጣ፣ በመደቦቹ መካከል ቦይ እየተወ ትርፉን ውኃ ከማሳው ያንጠፈጥፋል፤ ይህንንም ሲያደርግ ቦዩ በጎረቤቱ ማሳ ላይ እንዳይደፋ መውጫውን አብሮ ያስባል። የገበሬው ልጆች የሆንነው እኛ ወደ ከተማ ገብተን በካሬ ሜትር የተለካ ይዞታ ስንይዝ ግን የውኃን ነገር ለማዘጋጃ ቤት የተተወ አድርገን ቆጠርነው።

የሲሚንቶውን ግቢ ነገር ልጨርስ። ከሰውዬው በታች በኩል የሚኖሩት አንዲት ባለቤታቸው የሞቱባቸው እናት ናቸው። በነሐሴ አጋማሽ ሄጄ ሳይ፣ በሁለቱ ግቢዎች መካከል ያለው የብሎኬት ግንብ ከሥሩ ወደ እርሳቸው በኩል ገፍቶ ነበር፤ ስንጥቁ ከታች በሲሚንቶው መጋጠሚያ እየተጠማዘዘ ተነሥቶ እስከ አራተኛው ረድፍ ወጥቷል፣ አውራ ጣቴም ያለ ችግር ገባበት። የጎመን መደባቸው በደለል ተሸፍኗል። የማድ ቤታቸው ደፍ ላይ በጆንያ አፈር ሞልተው ደርድረዋል። ለኮሚቴው ሲናገሩ ያገኙት መልስ ጉዳዩ የሁለት ጎረቤታሞች ነውና በሽማግሌ ጨርሱት የሚል ነበር። በሽማግሌ መጨረሱ መልካም ነው፤ እኔም ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነበርሁ፣ ሰውዬውም ክፉ ሰው ስላልሆነ በአጥሩ ግርጌ ቦይ ለማሠራት ተስማማ። ይሁን እንጂ የተነጠፈ ሲሚንቶ ሰብሮ ቦይ ማውጣት ሲነጠፍ ጥቂት ዘንበል አድርጎ ከመተው ይልቅ ስንት እጥፍ እንደሚያስወጣ የሠራ ያውቀዋል። ኮሚቴው አስቀድሞ «ውኃው ወዴት ይወጣል?» የምትል አንዲት ጥያቄ ቢጠይቅ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር። የበር ቀለም ሲያማርጥ ግን ላም ባልዋለበት ኩበት እየለቀመ ነበር።

አንዳንድ አባላት ካርታው በስሜ እስከወጣ ድረስ በግቢዬ ማንም አያገባውም ሲሉ እሰማለሁ። ይህም ልክ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1225 አንድ ባለሀብት በንብረቱ ሲገለገል ጎረቤቱን የሚጎዳ ወይም የሚያውክ ሥራ ከመሥራት መጠንቀቅ እንዳለበት፣ በተለይም ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈ ጭስ፣ ጥቀርሻ፣ መጥፎ ሽታ፣ ድምፅና መንቀጥቀጥ ማድረስ እንደሌለበት ይደነግጋል። በሌላ በኩል ኮሚቴውም ቢሆን በራሱ የቆመ ባለሥልጣን አይደለም። በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት የማኅበር የበላይ አካል ጠቅላላ ጉባኤው ነው፤ እያንዳንዱ አባል የያዘው ዕጣ ምንም ያህል ቢሆን ድምፁ አንድ ነው፤ ኮሚቴውም ተጠሪነቱ ለዚሁ ጉባኤ ነው። የግንባታ ፈቃድን በተመለከተም በሕንፃ አዋጁ ይህ ሥልጣን የተሰጠው ለከተማው የሕንፃ ሹም ነው። ስለዚህ ኮሚቴ ፈቀደልኝ ብሎ ያለ ከተማው ፈቃድ ግንባታ የሚጀምር ሰው ራሱን ያታልላል፤ ከተማው የፈቀደውን ሥራ ምክንያት ሳይሰጥ የሚያግድ ኮሚቴም ከሥልጣኑ ይወጣል። በሁለቱ ፈቃዶች መካከል ያለው ድንበር ለአባላት በግልጽ ተነግሮ ስለማያውቅ፣ ሰው አንዱን ይዞ ሁለቱንም የያዘ ይመስለዋል።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ካሊፎርኒያ የምትኖር የእኅቴ ልጅ የምትኖርበት ሰፈር ኤች.ኦ.ኤ. ብለው የሚጠሩት የቤት ባለንብረቶች ማኅበር አለው፤ የፊት ለፊት ሣሯን ነቅላ ውኃ በማይፈጁ ተክሎች ለመተካት ንድፍ አስይዛ ማመልከት ነበረባት። እዚያም ቢሆን በኮሚቴ የተማረረ ሰው ብዙ ነው፤ ልዩነቱ ማማረሩ የሚደገፍበት ሕግ መኖሩ ነው። የካሊፎርኒያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 4765፣ የማኅበሩ ደንብ አባላት በይዞታቸው ላይ ለውጥ ከማድረጋቸው በፊት እንዲያስፈቅዱ የሚያስገድድ ከሆነ፣ ማኅበሩ ፍትሐዊ፣ ምክንያታዊና ፈጣን የሆነ የውሳኔ ሥርዓት እንዲኖረው፣ መልስ የሚሰጥበትንም የመጨረሻ ጊዜ በሥርዓቱ ውስጥ እንዲያሰፍር ያዝዛል። ውሳኔው በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ከተከለከለ ደግሞ ለምን እንደተከለከለና ጉዳዩ በቦርዱ እንደገና የሚታይበት መንገድ ምን እንደሆነ አብሮ መገለጽ አለበት። ከሁሉም ይልቅ የወደድሁት፣ የትኞቹ ለውጦች ፈቃድ እንደሚያስፈልጋቸው ማኅበሩ በየዓመቱ ለአባላቱ እንዲያስታውቅ መገደዱን ነው። በዚሁ ሕግ ቁጥር 4735 ደግሞ ማኅበራት ውኃ ቆጣቢ ተክሎችን እንዳይከለክሉ ታግደዋል፤ አገሩ ድርቅ የሚያጠቃው ስለሆነ ሕጉ ከመንደር ውበት ይልቅ የመሬቱን ጠባይ አስቀደመ። የካሊፎርኒያን ሕግ እዚህ አምጥተን እንትከል ማለቴ አይደለም። የእነርሱ መሬት የሚጠይቀው ውኃ መቆጠብን ከሆነ የእኛ ጥቁር አፈር የሚጠይቀው ውኃ ማስወገድን ነው፤ የእኛም ደንብ ከዚህ ይጀምር ነው የምለው።

ስለ ተክል ጥቂት ልጨምር። ኮሚቴያችን በአንድ ወቅት የሁሉም አባል ደጅ አንድ ዓይነት እንዲሆን በማሰብ ከቆላ የመጣ የጌጥ ተክል በጅምላ አስገዝቶ አከፋፍሎ ነበር። የኅዳር ውርጭ በአንድ ሌሊት አጠቆረው፤ የደብረ ብርሃንን ብርድ የሚያውቅ ማንኛውም አዛውንት ተጠይቆ ቢሆን ኖሮ ገንዘባችን ይተርፍ ነበር። በአንጻሩ ለአንዱ አባል የተከለከለው የአፕል ችግኝ ብርዱን የሚወድ ፍሬ ነው፤ የክልከላው ምክንያትም ፍሬ ልጆችን ያስቸግራል የሚል ነበር። ጽድና ወይራም የአገሩ ዛፎች ስለሆኑ ውርጩን ይችሉታል፣ ለነፋስ መከላከያም ይሆናሉ። በጥብቅ መከልከል የነበረበት በአጥር ጥግና በሴፕቲክ ታንክ አጠገብ የሚተከለው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ለሰሜን ሸዋ የማገዶና የማገር ባለውለታ ነው፤ ነገር ግን ውኃ በብዛት ስለሚስብ ዋልካውን ይበልጥ ያደርቀዋል፣ ያኮማትረዋልም፤ መሠረትም በበጋ ይሰነጠቅበታል። በሰፊ መሬት ዳር የሚያምረው ዛፍ በ150 ካሬ ሜትር ውስጥ የጎረቤት ዕዳ ይሆናል። ይህን ግን በእኛ መንደር የሚከለክል የለም።

ለኮሚቴው የሚገባውን ልስጠው። በመታጠፊያ ላይ ያለ ግቢ አጥሩን ከፍ አድርጎ የሚመጣውን መኪና የሚሸፍን ከሆነ መከልከሉ ትክክል ነው፤ የሮቶ ማቆሚያ ብረት ከጎረቤት መኝታ ቤት መስኮት ፊት ለፊት እንዳይቆም ማለታቸውንም እደግፋለሁ። የኮሚቴው አባላት ያለ ደመወዝ፣ ከሥራና ከቤተሰብ ጊዜያቸው ቀንሰው እንደሚያገለግሉ አውቃለሁ፤ ማመልከቻ ሁሉ በየሳምንቱ ይታይ ብሎ መጠየቅም ግፍ ይሆናል። ለዚህም ነው ፈቃድ የሚያስፈልጋቸው ሥራዎች ጥቂትና ተለይተው የታወቁ ይሁኑ የምለው። ቀለም፣ አበባ፣ የጓሮ አትክልት፣ በአሸዋ ላይ ተደርድሮ በመካከሉ ውኃ የሚያሰርግ ጥቂት ኮብልስቶን፣ የልብስ ማስጫ ገመድ፤ እነዚህ ከኮሚቴው ጠረጴዛ ቢነሡ ለቀሩት ከባድ ጉዳዮች በቂ ጊዜ ይገኛል። የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ነገር ከዚህ ይለያል፤ በዚያ ከሕንፃው ፊት ያለው መሬት በአዋጅ ቁጥር 370/1995 የጋራ መጠቀሚያ ስለሆነ፣ የምድር ቤት ነዋሪ አትክልት ለመትከል ብሎም ቢሆን ለብቻው ሊያጥረው አይችልም።

ማኅበራችን በመጪው ጠቅላላ ጉባኤ ደንቡን እንዲያሻሽል ከሌሎች አባላት ጋር ተፈራርመን አጀንዳ አስይዘናል። የጠየቅነውም ከይዞታው ግማሽ በላይ የሚሸፍን ንጣፍ፣ የአጥር ግንብ፣ የሴፕቲክ ጉድጓድ፣ በአጥር አጠገብ የሚተከል ትልቅ ዛፍና የጋራ መተላለፊያን የሚነካ ማንኛውም ሥራ ብቻ እንዲያስፈቅድ፤ አመልካቹ የውኃውን መውጫ የሚያሳይ ንድፍ፣ በእጅ የተሣለም ቢሆን፣ እንዲያያይዝ፤ በታች በኩል ያለው ጎረቤትም አይቶ አስተያየቱን እንዲጽፍበት ነው። ማመልከቻ ሲገባ ቀን ተጽፎበት በመዝገብ ይያዝ፤ ኮሚቴው በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ይመልስ፤ ከከለከለ ምክንያቱን ይጻፍ፤ አመልካቹም ቅር ከተሰኘ ለተቆጣጣሪ ኮሚቴው፣ ከዚያም ለጉባኤው አቤት ይበል። ሠላሳው ቀን ያለ መልስ ካለፈ እንደተፈቀደ ይቆጠር በሚለው ላይ አባላት ገና አልተስማማንም። እኔ በበኩሌ ለንጣፍና ለተክል ይሁን፣ ለግንብና ለጉድጓድ ግን አይሁን ባይ ነኝ፤ ዝም በተባለ ማመልከቻ የተቆፈረ ጉድጓድ ጎረቤት ላይ ከተናደ ዝምታው ዋስ አይሆንም።

በዚህ አጋጣሚ በከተማችን ያለው የኅብረት ሥራ ማኅበራት ጽሕፈት ቤትና የሕንፃ ሹሙ በጋራ አንድ ገጽ የማመልከቻ ቅጽ አዘጋጅተው ለየማኅበሩ ቢያድሉ፣ የትኛው ሥራ የከተማ ፈቃድ፣ የትኛው የማኅበር ፈቃድ ብቻ እንደሚያስፈልገውም በዚያው ቅጽ ጀርባ ቢያትሙ፣ እያንዳንዱ ኮሚቴ የራሱን ደንብ ከባዶ ከመፍጠር ይድናል። ጋዜጣችሁም ጉዳዩን ይዞ ሁለቱን መሥሪያ ቤቶች ቢጠይቅልንና መልሳቸውን ቢያስነብበን፣ ከተቻለም ሰኔ ሳይገባ ቢሆን፣ በተለይ በታችኛው ረድፍ ለምንኖር አባላት ትልቅ ውለታ ይሆንልናል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤
አንድ የቤት ሥራ ኅብረት ሥራ ማኅበር አባል
ደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ